ከሳንሱሲ እስከ ደቅ፦ ከጓደኞች ጋር ደሴት ለደሴት

ግሪክ አገር ስምንት ዐሥር ጓደኛሞች ገንዘብ ያዋጡና ባለ ሸራ ጀልባ ይከራያሉ። ኪራዩ ብዙውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ አንዱ ላይ ምሳ፣ ሌላው ላይ እራት፣ መኝታቸው እዚያው ጀልባው ውስጥ። ሰፈራችን ሳንሱሲ ቡና እየጠጣችሁ ፎቶውን ስልክ ላይ ያያችሁና የተመኛችሁ ትኖራላችሁ። ቪዛው፣ ዩሮውና ሸራው ለጊዜው ይቆየን። ደሴት ለደሴት መዞሩ ግን ከዚሁ ከሰፈራችን ተነሥቶ የሚሆን ነገር ነው። ጣና 37 ያህል ደሴቶች አሉት፤ ብዙዎቹ ላይም ገዳም አለ።

የምጽፈው ለአንድ ዓይነት ቡድን ነው፦ ሴትም ወንድም ያለበት፣ ከስድስት እስከ ዐሥር ሰው የሚሆን፣ ኪሱ የማይበዛ፣ ግን አራት ቀን ፈቃድ የሚያገኝ። እንዲህ ያለ ጉዞ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሐይቁ አይደለም። ሳይነጋገሩ ስለሚነሡ ነው የሚበላሸው። ስለዚህ ከምክሩ ግማሹ ገና ሳንሱሲ እያላችሁ የምትፈጽሙት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ስልክ ደውሉ። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግጭት ውስጥ ነው። ባሕር ዳር የሚኖር ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ፈልጋችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ከተማው እንዴት ነው፣ ጀልባዎች ወዴት ወዴት እየሄዱ ነው፣ የሰዓት ገደብ አለ ወይ? መልሱ "አሁን ቆዩ" ከሆነ ቆዩ። ገዳማቱ የትም አይሄዱም። ዜና ሰምታችሁ ከምትወስኑ እዚያው ከሚኖር ሰው ሰምታችሁ ብትወስኑ ይሻላል። ይህንኑ ጥያቄ ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ቀንም ድገሙት።

ሰውና ገንዘብ

መጀመሪያ ሁለት ኃላፊ ምረጡ። አንዱ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ሌላው ከጀልባ ሰዎች ጋር የሚነጋገር። ሁለቱ አንድ ሰው ባይሆኑ ይመረጣል፤ የሚከራከረው ሰው "ገንዘቡ እኔ ጋ አይደለም" ማለት ሲችል ዋጋ ይወርድለታል። ወደቡ ላይ ዐሥር ሰው ባንዴ ሲናገር ግን ዋጋው እንደሚወጣ አትጠራጠሩ።

ገንዘቡን በእቁብ እናጠራቅም የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። እቁብ ለዚህ አይሆንም። የእቁብ ብር በዕጣ ለአንድ ሰው ይወጣል፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ሁላችሁም በአንድ ቀን እጃችሁ ላይ እንዲሆን ነው። በየወሩ ተዋጥቶ በሁለት ሰው ፊርማ የሚወጣ የባንክ ሒሳብ ይበጃችኋል። ስድስት ወር ከቆጠባችሁ የአውሮፕላን ትኬቱ አያስደነግጥም። መዋጮውን ስትተምኑ ጀልባው የሚከራየው በሙሉው እንጂ በሰው ቁጥር እንዳልሆነ አስቡ። ስምንት ሆናችሁ ተስማምታችሁ ሦስቱ ቢቀሩ የጀልባው ዋጋ ያው ነው፤ አምስታችሁ ትከፍሉታላችሁ። ስለዚህ የቀረ ሰው የጀልባ ድርሻውን እንደሚከፍል ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ ቢቻል ጻፉት። ጓደኛሞች ነን ምን መጻፍ ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ብዙ ጊዜ የሚቀረውም እሱ ነው።

መለማመጃው ደጃችሁ ላይ ነው

የሳንሱሲ ሰው አንድ ዕድል አለው፤ የአምቦ መንገድ በደጁ ያልፋል። ወደ ጣና ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ወንጪ ደርሳችሁ ተመለሱ። መንገዱ በቡራዩ፣ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ ያደርሳል፤ ከአምቦ ወደ ደቡብ ታጥፎ ወንጪ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ከተነሣችሁ ማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ። የዚህንም መንገድ ሁኔታ አምቦ ያለ ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወንጪ ጥንት እሳተ ገሞራ በተፋ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። የጉድጓዱ አፋፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ብርዱ የዋዛ አይደለም፤ ጃኬት ያልያዘ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ከአፋፉ ወደ ውሃው በእግር ወይም በፈረስ ይወረዳል፤ ከዚያ ጀልባ አለ፤ መካከል ላይ ደግሞ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ደሴት። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ሐይቅም ደሴትም የሚያሳይ ቦታ ለሚጠይቀኝ ሰው ከወንጪ ሌላ አልጠራም።

እዚያ ግን ከመልክዓ ምድሩ ይልቅ እርስ በርሳችሁን ተመልከቱ። ማን ነው አርባ ደቂቃ ያስጠበቀው? ጀልባው ሲወዛወዝ ማን ፊቱ ተለወጠ? ሒሳብ ሲመጣ ማን ስልኩን አነሣ? ውሃ የሚፈራ ሰው ማፈር የለበትም፤ አብዛኞቻችን ዋና አንችልም። ግን ወንጪ ላይ ሩብ ሰዓት ያልቻለ ሰው ጣና ላይ ሦስት ሰዓት አይችልም። እሱን በቅርቦቹ ደሴቶች ቀን አብራችሁ ውሰዱት፤ በሩቁ ቀን ከተማ ይዋል።

መቼ?

ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። ዝናቡና ማዕበሉ አንድ ላይ ይመጣሉ። መስከረም አገሩ ሁሉ ለምለም፣ ሐይቁም ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ የሚኖር የሳንሱሲ ሰው ወባን ይረሳል፤ ጣና ግን 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለእኔ ምርጡ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ጠዋቱ ቀዝቀዝ ያለ።

በዓል የምትፈልጉ ከሆነ ጥር 7 ናርጋ ሥላሴ፣ የካቲት 16 ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይነግሣሉ። ድምቀቱ ሌላ ነው፤ ግን ጀልባው ሁሉ ምእመን ስለሚያመላልስ ቀደም ብላችሁ ካልያዛችሁ አታገኙም፤ ሥዕሉንም በሰው ትከሻ ላይ ነው የምታዩት። በጸጥታ ለማየት የሚፈልግ ተራ ማክሰኞ ይምረጥ።

ጾምንም ቁጠሩ። በዐቢይ ጾም ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብቶ ለማየት የሚመቸው ሰዓት ይለወጣል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ ጀልባ ላይ አትጀምሩት። መውረጃ የለም።

ከሳንሱሲ ወደ ባሕር ዳር

በመኪና በዓባይ በረሃ በኩል 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑን ይበላል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ለመዝናናት የሚሄድ ሰው የሚመርጠው መንገድ አይደለም። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከበረራው ይልቅ የሚያስጨንቀው ከሳንሱሲ ቦሌ መድረሱ ነው፤ ሰፈራችን የከተማው ምዕራብ ጫፍ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ምሥራቁ ላይ። የጠዋት በረራ ከያዛችሁ አስኮንና ዊንጌትን ሳይነጋ እለፉ። ከነጋ በኋላ አስኮ ላይ የጠፋውን ሰዓት ቀለበት መንገድ አይመልስላችሁም። ሁላችሁም በአንድ ሚኒባስ ሂዱ፤ በየታክሲው ከተበተናችሁ አንዱ መቅረቱ አይቀርም።

ደሴት መምረጥ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። አንዳንዶቹ ገዳማት ሴት አያስገቡም፤ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ የወንዶች ናቸው። ይህ በእኛ የተጀመረ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ግሪክም አቶስ የሚባለው የመነኮሳት ተራራ ለሴት ዝግ ነው፤ ባለ ሸራዎቹ ጓደኛሞች ከሩቅ እያዩት ያልፋሉ። እናንተ ግን ቅድሚያ ካላሰባችሁበት ሴቶቹ ጓደኞቻችሁ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ጀልባ ውስጥ ይጠብቃሉ፤ በማግስቱ ቡድኑ ሁለት ይሆናል።

መፍትሔው ጂኦግራፊው ውስጥ ነው። ከክብራን አጠገብ እንጦስ ኢየሱስ አለ፤ ሴቶችም ይገባሉ። ጀልባው ሴቶቹን እንጦስ አውርዶ ወንዶቹን ክብራን ያደርስና ተመልሶ ሁሉንም ይሰበስባል። ሁለቱም ከባሕር ዳር ግማሽ ሰዓት ያህል ናቸው። በዚያው አቅጣጫ ገፋ ሲል የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ይመጣል፤ እዚህ ላይ ልዩነት የለም። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሁሉንም ይቀበላሉ። ዘጌ ላይ ከሥዕሉ በፊት ጫካውን እዩት። በገዳሙ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በበሬ ማረስን ከልክለዋል ይባላል፤ ሕዝቡም በእርሻ ፈንታ ቡናን ይዞ ኖረ። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው። ከወደቡ ወደ ዑራ የሚወስደው መንገድ በቡና ጥላ ሥር ነው፤ ግራና ቀኝ የእጅ ሥራ ሻጮች አሉ፤ ሲመለሱ መግዛት ይሻላል።

ሩቁ ቀን የደቅና የዳጋ ቀን ነው። ደቅ በሐይቁ ላይ ትልቁ ደሴት ነው፤ ገበሬ፣ ከብትና መንደር አለው። ጠርዙ ላይ ናርጋ ሥላሴ አለ፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን። ውስጥ ስትገቡ እቴጌይቱን ፈልጉ፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሴትም ወንድም ይገባል። ከደቅ አጠገብ ዳጋ አለ። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም የሚጠበቅበት ነው፤ ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዘድንግልና ፋሲል እዚያ እንዳረፉ ገዳሙ ያሳያል። ሴቶቹ ናርጋ ላይ ሲቆዩ ወንዶቹ ዳጋ ደርሰው ቢመለሱ ማንም ፀሐይ ላይ አይቀመጥም። ናርጋ ራሷ ግማሽ ቀን የምትሞላ ናት።

ጣና ቂርቆስ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ነው። ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት 800 ዓመት እዚያ ቆይታለች የሚለው ትውፊት የደሴቱ ክብር ነው። ለድብልቅ ቡድን ግን አልመክረውም፤ መንገዱ ረጅም፣ ሴቶቹም የማይገቡበት። ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ጎርጎራም ከሰሜኑ ዳርቻ ስለሆነ በትንሽ ጀልባ ደርሶ መልስ የሚታሰብ አይደለም፤ ደብረ ሲና ማርያምንና የሱስንዮስን ፍርስራሽ ቤተ መንግሥት ለማየት ሌላ ፕሮግራም ያዙ።

ጀልባውን ስትከራዩ

በደረሳችሁበት ቀን ከሰዓት በኋላ ራሳችሁ ወደቡ ውረዱ። ሆቴሉ "እኛ እናመቻቻለን" ሲል አመስግናችሁ እለፉ፤ በመካከል የሚገባ እያንዳንዱ ሰው ዋጋ ይጨምራል። የጀልባ ማኅበራት አሉ፤ ተመን አላቸው፤ ተመኑን አሳዩን በሉ። ከዚያ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ሳታፍሩ ጠይቁ።

የትኞቹን ደሴቶች ነው የምንዞረው? ስማቸው በወረቀት ይጻፍ። "ሁሉንም እናሳያችኋለን" የሚል መልስ መልስ አይደለም። የጥበቃ ሰዓት ዋጋው ውስጥ አለ? ቤንዚንስ? ታንኩ ውስጥ ያለው ለመሄጃ ብቻ ነው ወይስ መመለሻም? ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን ይህ ጥያቄ ከዋጋውም ይበልጣል። ሞተሩ ቢቆም ምን አላችሁ? ተጠባባቂ ሞተር ወይም ቢያንስ መቅዘፊያ እዩ፤ አለ ሲሏችሁ ሳይሆን ዓይናችሁ ሲያየው ነው አለ የሚባለው። ጥላ አለው? ለሦስት ሰዓት መንገድ ጥላ የሌለው ጀልባ አትሳፈሩ።

የሕይወት አድን ጃኬቱን በነፍስ ወከፍ ቁጠሩ፤ ስምንት ሰው ከሆናችሁ ስምንት። መታጠቂያው የሚሠራ መሆኑን ሞክሩ፤ ከወደቡ ሳትነሡም ልበሱት። ሙቀቱ ይከብዳል ብሎ የሚያወልቅ ሰው ካለ የቡድኑ ኃላፊ ይቆጣው። ጣና ላይ ዋና አለመቻል ችግር የሚሆነው ጃኬት ለሌለው ሰው ነው።

ግማሹን ስትነሡ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። የገዳማቱ መግቢያ ከዚህ የተለየ ነው፤ እያንዳንዱ ገዳም የየራሱን ያስከፍላል፤ ከውጭ አገር የመጣ ጓደኛ ካለ የእሱ ዋጋ ሌላ ሊሆን ይችላል። ደሴት ላይ ኔትወርክ ስለማይታመን ቴሌብርን ተስፋ አታድርጉ፤ የተዘረዘረ ብር ያዙ።

ጊዜ ያለው፣ ኪሱ የቀለለ ሰው ደግሞ ከባሕር ዳር በደቅ አድርጎ ጎርጎራ በሚደርሰው የሕዝብ መርከብ መሄድ ይችላል። ከጭነት፣ ከገበሬና ከተማሪ ጋር መጓዝ የራሱ ጣዕም አለው። ግን መርከቡ በየቀኑ አይሄድም፤ እናንተንም አይጠብቅም። መነሻ ቀኑን ወደቡ ላይ ጠይቃችሁ በእሱ ልክ ጉዟችሁን አስተካክሉ።

ነፋስና ሰዓት

ጣና ሰፊ ነው፤ ግን ጥልቅ አይደለም። ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ነፋስ በሰፊና ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሲነሣ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባን የሚያንገላታውም ይህ ዓይነቱ ነው። ጠዋት ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ዝም ይላል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይነሣል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ሩቁን በማለዳ፣ ቅርቡን በመመለሻ። ለደቅ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ላይ ሁኑ፤ እንደ ሞተሩ ጉልበት ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ለመመለስ ከ7 ሰዓት አትዘግዩ። በዘጌ ቀንም ዘጌን መጀመሪያ፣ ክብራንና እንጦስን ስትመለሱ።

ካፒቴኑ "ዛሬ አይሆንም" ካለ አይሆንም። በኤጂያን ባሕር ላይ በሐምሌና በነሐሴ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሲነሣ ስንት ሺህ ዩሮ የከፈሉትም ወደብ ላይ ታስረው ይውላሉ። "ከፍለናል እኮ" ብላችሁ አታስጨንቁት። ለዚህ ነው አራት ቀን ያልኳችሁ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላ ይቀራል። በምሥራቅና በሰሜን ዳርቻ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያስቸገረው እምቦጭ አለ፤ ሞተር ውስጥ ከተጠመጠመ ያቆማችኋል፤ ካፒቴኑ ዞሮ ቢሄድ ቤንዚን ለማባከን አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለደብረ ማርያምና ለዓባይ መውጫ ይሁን። ቅርብ ነው፤ ጉማሬ ይታይበታል፤ ርቀት ጠብቁ፤ ጉማሬ ሲያዩት ሰነፍ ይመስላል እንጂ ፈጣን ነው። የደንገል ታንኳ የምታዩትም በዚህ በኩል ነው። በሥራው የሚታወቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እና በ1970 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለመሻገር ራ ብሎ የሰየማቸውን ጀልባዎች ያሠራው ከጣና ተቆርጦ በሄደ ደንገል ነበር፤ ሁለተኛዋ ከሞሮኮ ተነሥታ ባርባዶስ ደርሳለች። እናንተ ግን ታንኳ ከተሳፈራችሁ ከዳር አትራቁ።

ገዳም ስትገቡ፣ ከረጢት ስታዘጋጁ

ነጠላ፣ ለሴት ረጅም ቀሚስ፣ ለወንድ ረጅም ሱሪ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ስለዚህ ካልሲ ያዙ፣ ድንጋዩ ይፋጃል። ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዘቢብ ይዛችሁ ብትሄዱ ከማንኛውም ጉርሻ በላይ ይከበራል። ፎቶ ከማንሣት በፊት አባን ፈቃድ ጠይቁ፤ ብልጭታውን አጥፉ፣ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። ሙዚቃና ቢራ ከተማ ይቅሩ። ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ጓደኛ ካለ እስከየት መግባት እንደሚችል አስቀድሞ ይጠየቅ፤ በር ላይ ደርሶ ከማፈር ይሻላል።

ጣና ውስጥ አትዋኙ፤ ቢልሃርዚያ አለ። የሐይቁን ውሃም አትጠጡ፤ በሰው ሦስት ሊትር ያዙ። ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ስልክ መክተቻ ፕላስቲክ፣ ለሚያቅለሸልሸው ሰው ከፋርማሲ መድኃኒት፣ ማታ አጎበር ያለው ክፍል። ደሴት ላይ ምግብ ቤት አትጠብቁ፤ ዳቦ፣ ሙዝና ቆሎ ይበቃል። እራታችሁን ባሕር ዳር ስትመለሱ ቆሮሶ ጥብስ ብሉ፤ አምባዛ የሚወድም አለ፣ እኔ አይደለሁም።

ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት የተሰማው ሰው "ድካም ነው" ብሎ እንዳይተኛ፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ጣና ደርሼ ነበር ይበል፣ የወባ ምርመራ ይደረግለት። ሒሳቡን ደግሞ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብላችሁ ዝጉ። ሳንሱሲ ከገባችሁ በኋላ ማንም አይከፍልም።